አባባን ሕመሙ ለቀቀው

ይድረስ ለወንድሜ ለአያ ማንያዘዋል፤ ከኮሶዬ ብርድ ይልቅ ናፍቆትህ ቢብስብንም፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

አባባን ጎንደር ወስጄው ነበር። ሐኪሙ፣ «በአከርካሪዎ አጥንቶች መሀል ያለው ዲስክ አልቆ ነርቩን ተጭኖታል፤ ሸክም ይተዉ፣ ቀስ እያሉ ይራመዱ» አለው። አባባም ታዘዘ። አሁን ሕመሙ ጨርሶ ለቆታል፤ ሲነሳም አያቃስትም። ጎረቤቱ ሁሉ «ሸጋ ነው» ይላል።

ትናንት ምድጃው ዳር ቆመን እሳት ስንሞቅ፣ አባባ ድንገት አየሩን አሸተተና፣ «ምነው፣ በጾም ሥጋ የሚጠብሰው ማነው?» አለ። ወደ ታች ብመለከት፣ በባዶ እግሩ ፍም ረግጦ ቆሟል። ጮኼ ጎተትሁት። እሱ ግን ፈገግ ብሎ፣ «ምን ሆንሽ ልጄ?» አለኝ።

«ድኛለሁ ብለሽ ጻፊለት» ይለኛል። አንተ ግን ፋሲካን ሳትጠብቅ ና።

መንገድህን እመቤቴ ታቅናልህ።

እኅትህ ብርነሽ