«ይኼማ የሱቅ ነው» ተብሎ ስለተመለሰው የሽማግሌ ጠርሙስ

ለተከበሩ አቶ ሂርጳ፣
የዌስት ሴንት ፖልና አካባቢው መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር፣ የጃለኔ አባት፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቅዝቃዜው ጉልበትዎን እንዳላስቸገረው፣ መኪናዎም ጠዋት ጠዋት የጎረቤት ባትሪ ሳትለምን እንደምትነሣ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። የጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ሰው ደኅና ነው የሚባል ከሆነ በጣም ደኅና ነኝ፤ የሆነ ቦታ ሕመም እንዳለ ሰምቻለሁ፣ እኔ ጋ ግን ገና አልደረሰም።

ይህን ደብዳቤ በዕድራችን የቫይበር ግሩፕ ላይ ሁሉም እያየው መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብዎ እለምናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ «ለወጣቶች ምክር» ብለው በዚሁ ግሩፕ የላኩትን ረጅም የድምፅ መልእክት እኔም እንደ ሌላው አባል ዕቃ እያጠብሁ አዳምጬዋለሁ። ስሜን ሳይጠሩ፣ የምሠራበትን ሱቅ፣ የተመረቅሁበትን ትምህርትና የመኪናዬን ቀለም ብቻ በመጥቀስ ማንነቴን ስለደበቁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልእክቱን ሰምተው ነገሩ ላልገባቸው አባላት ባጭሩ ላስረዳ። ልጅዎን ጃለኔን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት ሁሉ ካዘጋው ቅዝቃዜ በፊት በነበረው እሑድ ጋሽ ሙላው ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ቤትዎ መጡ፤ በረዶ የረገጠ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ እንደ ደንቡ «ተቀመጡ» እስኪባሉ ድረስ በካልሲ ቆሙ። እኔ በዚያች ሰዓት ሮዝቪል፣ መጠጥ መሸጫው ሱቅ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ እሑድ መጠጥ መሸጥ ከተፈቀደ ወዲህ እሑድ የእኔ ቀን ሆኗል፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ በተንቀጠቀጠ ቁጥር አንድ ጠርሙስ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እጅ መንሻ የላክሁትን ቡርቦን ውስኪ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እርስዎም መነጽርዎን አድርገው ከልጅዎ ጉዳይ በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበቡ፤ ከአንገቱ ዝቅ ብላ የተለጠፈችውን የሱቃችንን ስም ሲያዩ «ይኼማ የሱቅ ነው» አሉ። ጋሽ ሙላው «አቶ ሂርጳ፣ መጠጥ ከሱቅ እንጂ ከየት ይገዛል?» ብለው ነገሩን በሳቅ ሊያሳልፉት ቢሞክሩም፣ እርስዎ የሱቅ ስም የተጻፈበት የወረቀት ፎጣና የሱቅ ስም የተጻፈበት የውሻ ምግብ እንዳለ፣ ሁለቱም የሚገዙት ዋናውን መግዛት ያቃተው ሰው ሲመጣ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዷቸው። ከዚያም ከቡፌው የራስዎን ጠርሙስ አውጥተው ከእኔው ጎን አቆሙና «እውነተኛው ይኸውላችሁ፤ በሁለት ሳምንት ትክክለኛውን ይዛችሁ ተመለሱ» ብለው ቀጠሩ። በዚህ መሐል ባለቤትዎ ወይዘሮ ወርቂቱ ከኩሽና «አንተ ሰውዬ፣ የተለመነው ልጅ ነው ወይስ ጠርሙስ?» ማለታቸውን ጋሽ ሙላው ነግረውኛል። እርስዎ ምን እንደመለሱ ግን ሊነግሩኝ አልፈለጉም።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ በዕድር ስብሰባ ላይ በቁጥር ያልቀረበ ነገር እንደማይሰሙ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፤ ጎን ለጎን ያቆሟቸው ሁለቱ ጠርሙሶች የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። በቆሎው ያው፣ እርሾው ያው፣ ውስጡ በእሳት የተለበለበው የኦክ እንጨት በርሜልም ያው ነው። የእርስዎ፣ ማለትም ስታንዳርድ የሚባለው መደበኛው፣ ብዙ በርሜል ተደባልቆ የሚሞላ ነው፤ የሚደባለቀውም ዘንድሮ የቀመሰ ሰው ከርሞም ያንኑ ጣዕም እንዲያገኝ ነው። የእኔው ከአንድ በርሜል ብቻ የተቀዳ ነው። ያች የናቋት ስቲከር «ሱቁ ሠራው» አትልም፤ «የሱቁ ሰዎች ቀምሰው ይህን በርሜል መረጡ» ነው የምትለው። ጋሽ ሙላው የእኔ ሽማግሌ በመሆናቸው የእኔ አባት ናቸው እንደማይባል ሁሉ፣ ማለት ነው። ወንድምና እኅት አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ አንዱን እውነተኛ፣ ሌላውን ዲቃላ ማለት የሚቻለው ሊቀመንበር ብቻ ስለሆነ፣ ሥልጣንዎን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፤ እዚህ ላይ ለእርስዎ የሚጠቅም እውነት ስላለ እንዳያልፉት። በርሜሉ ሲመረጥ እኔም ነበርሁ። አለቃዬ «ኬሚስትሪ ተምረሃል፣ አፍንጫህን አውሰን» ብሎ አስቀመጠኝና ከፋብሪካው የመጡትን ሦስት ናሙናዎች ቀመስን። የመጀመሪያው እርሳስ የማኘክ ያህል ነበር፤ ያንን ከምልክልዎ ስታንዳርዱን አሥር ጊዜ ብልክልዎ ይሻላል። ሁለተኛው ምንም አይወጣለትም፤ ከስታንዳርዱ ግን ለይቼ አላውቀውም ነበር። ሦስተኛውን ሁላችንም ደግመን ቀዳን። የተቃጠለ ስኳር፣ ቅርንፉድ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፤ ከዋጡት በኋላ ደረት ላይ ቆይቶ የሚናገር ነገር። ስለዚህ የአንድ በርሜል ስለሆነ ብቻ ይበልጣል ብዬ አልዋሽዎትም። መዘምራን በኅብረት ሲያዜሙ አንዱ ቢሰንፍ ሌላው ይሸፍነዋል፤ ስታንዳርዱ እንደዚያ ነው፣ አያሳፍርም። ብቻውን የቆመ ዘማሪ ግን ወይ ያሳፍራል፣ ወይ ሰው ፀጉሩ እስኪቆም ያስደምማል፤ የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚቻለውም በመስማት ነው። መጽሐፉን ሳይገልጥ ሽፋኑን ብቻ አይቶ መፍረድ የሚችል ሰው ጊዜ ይቆጥባል፤ በዚህ እቀናብዎታለሁ።

ሦስተኛ፤ ያ እውነተኛ የተባለው ጠርሙስዎ፣ ጃለኔ እንደምትለው፣ እሷ ሃይስኩል ስትጨርስ ከመጣ ጀምሮ ከቡፌው ወርዶ አያውቅም፤ አንድም ሰው ከፍቶ አልቀመሰውም። እሷ ዛሬ ዉድበሪ ነርስ ናት። እንግዲህ አንዱን ሳይቀምሱ አከበሩት፣ ሌላውን ሳይቀምሱ ናቁት። ለሁለቱም እኩል አለመቅመስዎን ሳስብ፣ በዕድሩ ውስጥ ስለ ፍትሐዊነትዎ የሚወራው ሐሰት አለመሆኑን አረጋገጥሁ።

አራተኛ፤ በድምፅ መልእክትዎ «ዲግሪ ይዞ ጠርሙስ የሚደረድር» ስላሉት። እውነት ነው፣ እደረድራለሁ። እዚህ ላይ ረዘም ያለ ነገር ጽፌ ነበር፣ አጠፋሁት። መናደድ ነበረብኝ፤ ንዴቱን ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፣ አልመጣም። ረቡዕ ሴንት ፖል ውስጥ አንድ የውኃ መመርመሪያ ላብራቶሪ ለኢንተርቪው ጠርቶኛል፤ ሸሚዙን ከአሁኑ ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። ቢሳካም መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ስለሆነ ስሙን ሰምተውት የማያውቁት ነው፤ ለዚህም በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አምስተኛ የሚባል አዘጋጅቼ ነበር፤ ጃለኔ «በቃ፣ አራት ይበቃዋል» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። ደብዳቤውን ሳይለጠፍ አንብባዋለች። ሁለት ስድብ አውጥታ አንድ ጨምራለች፤ የትኛው እንደሆነ ራሷን ይጠይቋት። እኔ በጉዳዩ መሟገት አምሮኝ «የፋብሪካውን ማስረጃ ፕሪንት አድርጌ ልላክላቸው?» ስላት «ገመቺስ፣ አባዬን አሳምነህ አትጨርሰውም። የሚያውቀውን ስም ስጠው፤ ጠርሙሱን እሱ ይውሰድ፣ አንተ እኔን ይዘህ ውጣ» ብላኛለች።

ስለዚህ እንደታዘዝሁት አድርጌያለሁ። ስታንዳርዱን ከራሴው መደርደሪያ፣ በራሴው እጅ አውርጄ ገዝቻለሁ፤ ምንም ስቲከር እንደሌለበት ሁለት ጊዜ አገላብጬ አይቻለሁ። በመጪው እሑድ ጋሽ ሙላው ይዘውት ይመጣሉ። ጾም ሳይገባ መልስ ብናገኝ ደስ ይለናል፤ ከዚያ በኋላ ቀጠሮው ለፋሲካ፣ ከፋሲካም ለክረምት እየተላለፈ እንዳይሄድ እንሰጋለን። ልጅዎን እወዳታለሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር ከቅሬታዎቹ ጋር ቁጥር ልሰጠው አስቤ፣ የት እንደማስገባው ስላላወቅሁ ብቻውን ተውሁት።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ቡፌዎ አይጉደል፣ መነጽርዎ አይጥፋ፤

ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ «ተቀመጥ» እስኪሉት በካልሲ ቆሞ የሚጠብቅ፣
የኬሚስትሪ ምሩቅና ጠርሙስ ደርዳሪ፣
ገመቺስ ዲንሳ
ከሮዝቪል

ማሳሰቢያ፦ የናቁት ጠርሙስ ያን የቅዝቃዜ ሳምንት ቤትዎ ሰንብቶ፣ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ በጋሽ ሙላው እጅ በደኅና ደርሶኛል፤ ስለ አያያዝዎ አመሰግናለሁ። ማሸጊያው ተቀዶ በስኮች ቴፕ መጠገኑን፣ መጠጡም ከአንገቱ ወርዶ ከስቲከሯ በታች መድረሱን ግን ሳላነሣ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ጋሽ ሙላው በስኳር ሕመማቸው ምክንያት መጠጥ ከተዉ ቆይተዋል፤ ወይዘሮ ወርቂቱም ከለስላሳ አያልፉም። ቅዝቃዜው ብርቱ ስለነበር ማንንም አልወቅስም። ትናንት ደግሞ ጋሽ ሙላው ደውለው «ለአንድ ወዳጄ ነው፤ ያ የሱቁ ነገር ሌላ ይገኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ለወዳጃቸው ይንገሩልኝ፦ አይገኝም። አንድ በርሜል ነበር፣ ተሸጦ አልቋል፣ አይደገምም፤ የቀረው እኔ ጋ ያለው ግማሽ ጠርሙስ ብቻ ነው። እሑድ «እሺ» ካሉ መጀመሪያ የሚቀዳው ለእርስዎ ነው። «አይሆንም» ካሉ ግን፣ ጃለኔ ሁለት ብርጭቆ አጥባ አስቀምጣለች።