አባዬ ልኮታል የተባለው አበባ

ጎንደር፣ ቀሐ
ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምትናፍቀኝ አባቴ ስማቸው አላምረው፣ ባቱ

አባዬ፣ ደብዳቤ «እኛ ደህና ነን» ተብሎ እንደሚጀመር ተምረናል። ደህና መሆናችንን እርግጠኛ ስላልሆንኩ እሱን ልዝለለውና አንተን ልጠይቅ፤ እንደምን ከረምክ? እማዬ ደህና ናት። እኔ ወደ አሥረኛ ክፍል አልፌያለሁ፤ ሂሳቡን ብቻ አትጠይቀኝ። የአባትህን የአባባን ነገር ቀስ ብዬ ነው የምነግርህ። ከደነገጥኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ እስክሪብቶ መያዝ የቻልኩት ገና አሁን ነው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትል ይሆናል። ስልኩ የእማዬ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ አንድ ነው። እዚህ ቤት ሹክ ያልከው ነገር ሁሉ ለሦስት ይዳረሳል። የአባባ ጆሮ ደግሞ ጎረቤት የሚታማውን ሳይቀር ይለቅማል። ስለዚህ ለፍልሰታ የመጣው የሥራ ጓደኛህ ሰውአገኝ ነገ ሲመለስ ያደርስልሃል። እንዳያነበው አስምዬዋለሁ። (ሰውአገኝ፣ እዚህ ድረስ ካነበብክ አፍሬብሃለሁ።)

አባባ ግንቦት ላይ ከኮሶዬ ሲወርዱ «ጉልበቴን ታሽቼ በሳምንቱ እመለሳለሁ» ነበር ያሉት። ሳምንቱ ሦስት ወር ሆነ። ጉልበታቸው አንድ ቀን ታሸ፤ ከዚያ ወዲህ የምንታሸው እኛ ነን። ዕድሜ ልኩን ያረሰ ሰው ደጃፍ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚ ሲቆጥር መዋል አልሆነለትም። ከበራችን ፊት ያለችውን የሲሚንቶ ቦታ ታውቃታለህ፤ አንተ ስትጋደምባት እግርህ አከራያችን እትዬ ሸዋአየሁ ደጃፍ ይደርስ የነበረባትን። እርሻ ያደረጉት እሷን ነው።

ሰኔ ላይ ከትምህርት ቤት ስገባ፣ ሚስማር በእሳት አግለው የውሃ ጀሪካናችንን ቂጥ ሲበሱ ደረስኩ። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ያደርጋሉ። እማዬ ጭንቅላቷን ይዛ ቆማለች።

«አባባ፣ ምነው? ውሃ የምንቀዳበት እኮ ነው» አለች።

«ውሃው መውጫ ካላገኘ ሥሩ ይበሰብሳል።»

«እኛስ በምን እንቅዳ?»

«ጎመኑን ስትበዪ ጀሪካኑን ትረሺዋለሽ» አሏት፤ ሁለተኛውን ጀሪካን አምጪ ብለውም እጃቸውን ዘረጉ።

ከዚያ በኋላ ምንም ዕቃ አልተረፈም። የተሰነጠቀው ሳፋ ቆስጣ በቀለበት። የቀለም ባልዲው ላይ ቃሪያ ተተከለ። ድንቹ ማዳበሪያ ውስጥ ገባ፤ ግንዱ ከፍ ባለ ቁጥር የማዳበሪያውን አፍ ይዘረጉና አፈር ይጨምሩለታል። እና ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ነጭ ሽንኩርቱ የዘጠነኛ ክፍል ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው። ብጮህባቸው «ዚፑ ተበላሽቶ የለ?» አሉኝ። ተበላሽቷል፤ ግን አሁን ትምህርት ሲከፈት ደብተሬን በፌስታል ልሸከም ነው።

እትዬ ሸዋአየሁም ዝም አላለች። «አያ አላምረው፣ ግድግዳዬ እርጥበት እየሳበ ነው» ትላለች። «ግድግዳሽ ነው እንጂ አንቺ መቼ ታመምሽ» ይሏትና ጀሪካኑን አንድ ስንዝር ይገፉላታል። ፍልሰታ ሲገባ ግን ማታ ማታ ቢላዋ ይዛ እየመጣች የእርጥበቱን ካሳ በጎመን ትቆርጥ ጀመር። ጎመኑ እውነት ለመናገር ሸጋ ነበር። ጾሙን ያለ ሽሮ መሰልቸት የወጣነው በሱ ነው።

አንድ ሰማያዊ ሳፋ ብቻ ሳይበሳ ቀረ። ልበሳው ብዬ ሚስማሩን ሳነሳ እጄን ያዙኝ። «ይህ የጳጉሜን ሦስት ነው። የሩፋኤል ዝናብ ይወርድበታል» አሉ። እንደ ልማዳችን ሁላችንም የምንታጠብበት መስሎኝ ተውኩት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ስለ አበባ እርሻው ሥራህ አባባ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ። ከሄድክ ሁለት ዓመት ሆነህ፤ ዛሬም ስምህ ሲነሳ «አበባ አብቃይ። በሬ አይበላው፣ ሰው አይበላው» ይላሉ። እኔም ልበቀልልህ ፈለግኩ። እትዬ ሸዋአየሁ ቴሌቪዥኗ ላይ የደረደረችውን የላስቲክ ጽጌረዳ ታስታውስ የለ? ሰውአገኝ ከባቱ የመጣ ዕለት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ከሱ አንዷን መዘዝኩና የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ በእውነተኛ አፈር ተከልኳት። ጎመኑ መሃል አስቀምጬ አባባን ጠራኋቸው።

«አባባ፣ ይህ ጽጌረዳ ከአባዬ ነው። በሰውአገኝ ልኮት ነው።»

ጎንበስ ብለው ቅጠሉን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ስማቸው?»

«አዎ።»

«ለኔ?»

«ለአንቱ።»

«ቆርቆሮው ተበስቷል?» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ተነስተው መጀመሪያ የሚያጠጡት እሷን ነው፤ ጎመኑ ሁለተኛ ተራ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ግቢው በሙሉ ሰምቶ፣ ፊቱን የሚታጠበው ሁሉ ሰዓቱን አስተካክሎ መውጣት ጀመረ። «አያ አላምረው፣ አበባው እንዴት አደረ?» ይሏቸዋል። «ሸጋ ነው። አንድ ቅጠል ጨምሯል» ይላሉ። እኔ ቤት ገብቼ ትራስ ነክሼ እስቃለሁ። እትዬ ሸዋአየሁ እንኳ አበባዋ መሆኑን አውቃ ለሳቁ ስትል ዝም ብላ ነበር። የፍልሰታ ፍቺ ዋዜማ ላይ ግን እንግዳ ሊመጣባት ሲል ከቆርቆሮው ነቅላ አጠበችና ቴሌቪዥኗ ላይ መለሰቻት።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ጆጉን ሞሉ። ባዶው ቆርቆሮ ላይ ቆመው ቀስ እያሉ፣ አፈሩን እንዳይሸረሽር እየተጠነቀቁ አፈሰሱ። ከዚያ ቀና ብለው «ተመስገን፣ ዛሬ ደግሞ ፈካ ብሏል» አሉ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ሸዋአየሁ ግድግዳዋን ተደግፋ ሳቀች፤ ሽማግሌው ቀልዱን ገልብጠው የቀለዱብን መስሏት። እኔም እየሳቅኩ ነበር አባዬ። እየሳቅኩ ዓይናቸውን አየሁት። ቆርቆሮውን አላዩም። የሚያዩት ከቆርቆሮው በላይ ያለውን ግድግዳ ነው፤ እሱንም አያዩትም።

ሰዉ ሲበተን ጫማዬን አወለቅኩና ተጠግቼ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ምላሴን አወጣሁባቸው፤ ያለኝን ያህል። ሳዛጋ አፌን አልሸፈንኩም ብለው ጆሮዬን የሚቆነጥጡ ሰውዬ ምንም አላሉም። ትንሽ ቆይተው «ማነው?» አሉ።

ምላሴ እንደወጣ ደርቄ ቀረሁ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣብኝ። ሐምሌ ላይ ገመድ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስን «ሸዋአየሁ፣ እንደምን አደርሽ» ብለውት ነበር፤ ግቢው ለአንድ ሳምንት ሲያወራው ቀልድ አዋቂ ናቸው እንጂ ሌላ ነገር ያለ የለም። ዳዊታቸውን «መነጽሬ ኮሶዬ ቀርቷል» እያሉ እኔን ያስነብቡኛል፤ እኔ ደግሞ እያንጎራጎርኩ መስመር እዘልባቸዋለሁ። ዘሩንም ችግኙንም በጣታቸው ነበር የሚለኩት። እኛ የገበሬ ጥበብ ነው ስንል ከረምን።

እማዬ ቤተ ክርስቲያን እያለች አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ይህ ስንት ጣት ነው?»

«የማንም ጣት ቆጣሪ አይደለሁም።»

«አያዩም አይደል?»

የቦርሳዬን ሽንኩርት ቅጠል እየዳበሱ ነበር።

«ኮሶዬ ላይ ጉም መሰለኝ» አሉ። «ክረምት ነው፣ ይገፈፋል አልኩ። በጋውም ጉም ሆነ። ወደ ከተማ ብወርድ ይለቀኛል ብዬ ወረድኩ። አብሮኝ ወረደ።»

ጉልበታቸውን አልነበረም ያመማቸው። ጉልበት ብለው ነው የመጡት።

ከኛ አጠገብ የተከራየችው፣ ሚስጥር የምትባለው ነርስ፣ ማንም ሳይኖር በስልኳ መብራት አየችልኝ። የዓይን ሞራ ነው አለች፤ በጊዜ ከተገፈፈ እንደሚያዩ፣ እየቆየ ከሄደ ግን ቃል እንደማትገባ ነገረችኝ። በነጻ ለሚሠራው የቀዶ ሕክምና ስማቸውን አስመዝግባ ጳጉሜን 4 ተራ አግኝታላቸዋለች። ስነግራቸው አልሄድም አሉ።

«ሩፋኤል አለልኝ» አሉ፤ ሰማያዊው ሳፋ ለዓይናቸው መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ።

«የሩፋኤል ዝናብ ጳጉሜን 3 ነው፣ ሐኪሙ 4 ነው። እሱ ቀድሞ ይሥራ፤ ሐኪሙ ተራ ይጠብቃል» አልኳቸው።

ሊስቁ ነበር፤ ተዉት። ከዚያ እውነቱን አወጡት።

«አባትሽ የሄደ ቀን ሁለተኛ ፊቱን አላይም ብዬ በሚካኤል ምያለሁ። ይኸው አላየሁም። የማልኩትን ነው የተሰጠኝ። አሁን በሐኪም ልቀልብሰው?»

«የማሉት በአባዬ ላይ ነው። እሱ ይፍታዎታ።»

«መጥቶ እጄን ከያዘኝ እሄዳለሁ» አሉ። «ካልመጣ ግን ማንም አይጎትተኝ። እናትሽ እንዳትሰማ። ለአባትሽም እንዳትናገሪ።»

እሺ ብዬ ማልኩ። እንዳትናገሪ ነው ያሉኝ፤ እንዳትጽፊ አላሉም።

አባዬ፣ ልጅ ነኝና አትቆጣኝ። አንተ ስትደውል «አባባ እንዴት ናቸው?» ትላለህ እንጂ አገናኙኝ አትልም። እሳቸውም «ማነው የደወለው?» ይላሉ፤ ማን እንደሆነ እያወቁ፤ ስጡኝ ግን አይሉም። ሁለታችሁም አዋቂ ናችሁ አሉ። እኔ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር እንዲህ ባደርግ ሁለታችሁም በቀበቶ ታስታርቁኝ ነበር።

ለምን እንደዚህ እንደምለምንህ ልንገርህና ልጨርስ። ትናንት ሕሊናዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ስለ አበባውም ነገርኳቸው። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ ጽጌረዳ ላስቲክ ነበር። አባዬም አልላከውም፤ እትዬ ሸዋአየሁ ወስዳዋለች። ቆርቆሮው ባዶ ነው» አልኳቸው። እንዲቆነጥጡኝ ጆሮዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«ባዶ መሆኑን አሁን ሰማሁ» አሉ። «ላስቲክነቱን ግን የዚያኑ ቀን በጣቴ አውቄዋለሁ። ስድሳ ዓመት ቅጠል ስነካ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ፤ ላስቲክ ይጠፋኛል ብለሽ ነው?»

«ታዲያ ምነው ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠጡት?»

«ስማቸው ልኮት ነው ብለሽኝ የለ» አሉ።

እኔ ነኝ የተሳቀብኝ፣ ወይ እሳቸው፣ ወይ አንተ፤ እስካሁን አልገባኝም።

ፈቃድ ካልሰጡህ አሞኛል በል፤ አባቴ አሞታል ብትልም ውሸት አይሆንም። ጳጉሜን 2 ከገባህ ሳፋው ዝናቡን ሲቀበል ትደርሳለህ፤ በዝናቡ ማግስት እጃቸውን ይዘህ ትወስዳቸዋለህ። ስትመጣ ከእርሻችሁ አንድ የጽጌረዳ ቁራጭ ለምነህ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ አምጣ። ሽታ ያለው ይሁን። ቆርቆሮው ተበስቷል፣ ጠጠርና አፈር አለው። ዛሬ ጠዋትም አጠጥተውታል።

ሩፋኤል መንገዱን እየመራ በሰላም ያግባህ።

ምላሷን ያስገባችው ልጅህ
ወለላ ስማቸው