ቀዩን ከቀዩ

ጥቅምት 11፣ ሰኞ
ጠዋት አፈር ጫንኩ። ከሰዓት ሎደሩን ከትራክተሩ አውልቄ ተሳቢውን ጎተትኩ። ያ ትልቅ አካፋ ከፊት ተገትሮ በችግኝ መደቦቹ መሃል መዞር አይቻልም፤ ስለዚህ በየቀኑ መግጠም፣ በየቀኑ ማውለቅ። ስድስት ዓመቴ። አካፋውን መሬት ላይ ማስተኛት፣ የሎደሩን እግሮች ማውረድ፣ ሁለቱን ፒኖች መንቀል፣ ሞተር አጥፍቶ የዘይቱን ግፊት ማስተንፈስ፣ አካፋውን የሚያነሱትንና የሚያወርዱትን አራቱን የዘይት ቱቦዎች መፍታት፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ። አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ችግኝ ጣቢያው የእትዬ ነው፣ የታላቅ እህቴ። "ትራክተሩን ግን አንተ አግብተኸዋል" ትለኛለች። ቱቦዎቹ ዘይት ማንጠባጠብ ጀምረዋል። ነገ መካኒኩ ይመጣል።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ
አራቱንም ቀየራቸው። ቱቦዎቹ ጫፍ ላይም፣ ትራክተሩ ላይ የሚገቡበት አፍ ላይም ባለ ቀለም ቀለበት አድርጎላቸዋል። "ቀዩን ከቀዩ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴው። ሕፃን ልጅ አይሳሳትም" አለኝ። ሳቅኩ። ምን ልበል?

ቢጫና ሰማያዊው ደህና። ሌሎቹ ሁለቱ ለእኔ አንድ ናቸው... ከልጅነቴ ጀምሮ። ማንም አያውቅም፣ እትዬም አታውቅም። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ የዓይን ምርመራውን መልስ ከጓደኛዬ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። የመንገድ መብራት አያስቸግርም፤ የላይኛው ቁም፣ የታችኛው ሂድ። አሮጌዎቹን ቱቦዎች ደግሞ በመዳፌ ነበር የማውቃቸው። አንዱ የተላጠ፣ አንዱ ያበጠ። እነዚህ ሁሉም ልስልስ ናቸው።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ
አሳስቼ ገጠምኩ። አካፋውን ላንሳ ብዬ ማንሻውን ስስበው ጭራሽ መሬቱን ተጫነው። የፊት ጎማዎቹ ተነሱ፣ እኔም ከነወንበሬ ወደ ሰማይ! እትዬ ጮኸች። "አዲስ ስለሆነ ነው" አልኳት። አመነችኝ።

ሁለቱን አቀያየርኩና አንደኛው ላይ፣ የሚገባበትም አፍ ላይ ሲባጎ አሰርኩ። ተገላገልኩ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ
ሲባጎው የለም! እትዬ ቆርጣ ጥላዋለች። "ምን ዓይነት ዝርክርክነት ነው፣ ቀለም እያለው?" ንጽሕና የሚሉት በሽታ አለባት። በግምት ገጠምኩ። የእኔ ግምት መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል? ትራክተሩ እንደገና ተነሳ፣ የሎደሩ አንድ እግር ተጣመመ።

እትዬ ዛሬ አልጮኸችም። ትክ ብላ አየችኝ። ጩኸቷ በስንት ጣዕሙ። ምሳ ላይ "ትናንት ምን በላህ?" አለችኝ። ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ
በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ስገጥም ታየኛለች፣ ሳወልቅ ታየኛለች። ሲባጎ መልሼ የማስርበት ፋታ እንኳ የለኝም። "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"... እማዬን እንዲህ ነበር የምንጠይቃት። እማዬ መጨረሻዋ ላይ የገዛ ቤቷ ጠፍቷት ነበር። አሃ! እኔንም የጀመረኝ መስሏታል።

ከሰዓት መጥታ "ሌላ ሹፌር ብንፈልግስ? አንተም ትንሽ ትረፍ" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ።

ብናገር... ቀለም የማይለይ ሹፌር ማን መሪ ያስጨብጠዋል? ባልናገር ጃጅቷል ተብዬ ልወርድ ነው። በየት ልውጣ?

ጥቅምት 22፣ ዓርብ
ደግሞ ተሳሳትኩ። ቆማ እያየች።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ
ጃኬቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ወረቀት አገኘሁ። የእትዬ ጽሑፍ። ስሜ፣ የእሷ ስልክ፣ ከሥሩ፦ "መንገድ ጠፍቶት ካያችሁት እባካችሁ ደውሉልኝ። ወንድሜ ነው።" ለእማዬም የጻፈችው እሷ ነበረች። ትራክተሩ ጎማ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እኔ ስለ ወንበሬ ስጨነቅ እሷ በቁሜ ታለቅስልኛለች!

ሄድኩ። መጋዘን ውስጥ ባዶ ከረጢት ስታጣጥፍ አገኘኋት።

"እትዬ፣ ቀይና አረንጓዴ አልለይም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተወለድኩ።"

ቁጭ አለች። "ሃምሳ ስምንት ዓመት?"

"ሃምሳ ስምንት።"

በከረጢቱ መታችኝ። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ደግማ መታችኝ። "አንጀቴን ቆረጥከው እኮ፣ አንተ ልጅ! አምና በሩን ሳስቀባ 'ቀለሙ ያምራል' ያልከኝስ?"

"ምን ቀለም ነበር?"

ሦስተኛ መታችኝ። ስትረጋጋ ፈራ ተባ እያልኩ ስለ ትራክተሩ ቁልፍ ጠየቅኳት። "ቁልፉ ምን ሆነ? ኪስህ ውስጥ አይደል?" አለች።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ
መካኒኩ ጠዋት መጣ። እትዬ ቀድማ ነግራዋለች። "ምነው ያኔ ብትነግረኝ" አለና ከሁለቱ የአንዱን ቱቦ መጋጠሚያ፣ ከሚገባበት አፍ ጋር፣ በሌላ ልክ ቀየረው። አሁን አሳስቼ ብገፋውም እሺ ብሎ አይገባም። የተጣመመውንም እግር አቀናው።

አፈር ጫንኩ። ከሰዓት ሎደሩን አወለቅኩ፤ ዘጠኝ ደቂቃ። ቱቦዎቹን ፈትቼ ቀና ስል ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ። እትዬ እዚያው ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ሎሚ ችግኝ ትጨቃጨቃለች። ሞተር አስነሳሁ፣ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ወጣሁ... አንዴም አልዞረችም።