ሦስቱ ችካሎች

ለጌታሁን፣ ለባለቤቴ፤

ይኸው ከተለየኸኝ ሁለተኛው የሰሊጥ አጨዳ ደረሰ። ከደጋ የመጡት ሠራተኞች ከተማችንን ሸሕዲን ሞልተዋታል። ያንተ ጫማዎች አሁንም በር ሥር ናቸው፤ ላነሣቸው እልና ቤቱ የባሰ ባዶ የሚሆንብኝ ይመስለኛል። ትናንትም ለሁለት ሰው ሠርቼ ግማሹን ደፋሁት። ብቸኝነት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር ጌቴ። ከአጥር ማዶ ሰው ሲሄድ እሰማ ነበር፣ ወደ እኔ የሚመጣ ግን አልነበረም።

የማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ባለሙያ ሆነህ ከጎንደር ወደዚህ ስትመደብ በመኪና የምትንሸራሸር መስሎኝ ነበር። አንተ የቢሮውን መኪና ትተህ ከውሃ ቀጂ ሴቶች ኋላ ኋላ በእግርህ ትዞር ጀመር። በዚህ ከተማ መኪና ያለው በጣት ይቆጠራል፣ መንገድ የሚፈልገው ግን ሁሉም ነው ትለኝ ነበር። መንገዱ የት ይውጣ ብለህ የቀበሌውን ሰው ትጠይቃለህ። ሲከራከሩብህ ምድጃዬን ጠርገህ አመዴን ትወስዳለህ፤ አመሻሽ ላይ መሬቱ ላይ በትነኸው ጠዋት የሰውና የአህያ ዱካ ትቆጥራለህ። የሰው ባል ፕላን በቀለም ይነድፋል፣ የኔው በአመድ፣ እያልኩ እስቅብህ ነበር።

አመዱ አንድ ቀን ወደ እኛው ጓሮ መራህ። ግቢያችን ገና አልታጠረም ነበርና፣ ከገበያው ወደ ውሃውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያቋርጠው ሁሉ በሎሚ ዛፌ ሥር ነበር የሚያልፈው። ጭነት መኪና የማይገባበት፣ ለእግረኛና ለአህያ ብቻ የሆነ፣ ግራና ቀኙ ለጥላ የኒም ዛፍ የተተከለበት መንገድ ይሁን ብላችሁ ተስማማችሁ። ሦስት ችካል ጓሮዬ ላይ ተከልክ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ያሳደግሁት ያንን ሎሚ ብቻ ነው፤ ለመንገዱ ሲባል ይቆረጥብኛል ብዬ ፈራሁ። ለሥራ ወደ ሳንጃ በሄድክ ማግስት፣ ከራስ በላይ ነፋስ ብዬ ችካሎቹን ነቅዬ ከግቢው ውጭ ተከልኳቸው። ስትመለስ ሕዝቡ ያንተ ችካል ነው ብሎ መንገዱን ጠርጎ፣ እኔም አጥሬን አጥሬ ጨርሰን ጠበቅንህ።

እንስራ ያዘለች ሴት ዙሪያ ጥምጥም አትወድም። ብዙዎቹ አጥሬን የሚዞረውን ጎባጣ መንገድ ትተው ወደ መተማ በሚወስደው የመኪና መንገድ ይሄዱ ጀመር፤ የጎረቤታችን የእትዬ ዘውዴ አህያም እዚያ ተገጨች። እትዬ ዘውዴ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ "ጓድ ጌታሁን፣ መንገዱ ከእርስዎ ደጅ ሲደርስ ለምን ጎበጠ?" አሉህ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነበርኩ። አየኸኝ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልክ፤ ሌላ አልጨመርክም። ከዚያ ወዲያ ሰውን ለምክር ስትጠራ የሚመጣልህ አነሰ። ቤት ገብተህ አልጠየቅኸኝም፤ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። አጥሩን አፍርሺ እስክትለኝ ስጠብቅ ወባው ቀደመህ። ቃሬዛህን የተሸከሙት ሰዎች አጥሬን ዞረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። መንገዱ ምን ያህል እንደረዘመ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አሁን አዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሰው ጎባጣው መንገድ ላይ ድንጋይ ሊያስነጥፍ ተነሣ። ድንጋይ ከተነጠፈ ወዲያ የሚያቀናው የለም። ባለፈው ስብሰባ ተነሥቼ፣ ችካሎቹን የነቀልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። በማግስቱ እትዬ ዘውዴ መጥረቢያ ይዘው መጡ። አጥሩን አብረን ከፈትነው። ሎሚውም አልተቆረጠም፤ ሰው ጎኑን ታክኮ ያልፋል። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ፣ ጌቴ።

ትናንት አመሻሽ ላይ አመድ በተንሁ። ዛሬ ጠዋት የውሃ ቀጂዎቹን እግር፣ የአህያውን ኮቴ፣ የአጫጆቹን በረባሶ አንድ በአንድ ቆጠርኩልህ። ያንተን ዱካም ፈለግሁ፤ ሞኝነት ነው፣ ግን ፈለግሁ። አንዳንዱ አላፊ ደህና አደርሽ ይለኛል። ቤቱ ግን ያው ባዶ ነው።

አጥሩ ተመልሶ አይዘጋም፤ አመዱንም እስካለሁ እኔ እበትናለሁ። የእኔ ቀን ሲደርስ በዚህ በቀናው መንገድ ወደ አንተ ያመጡኛል። አንተን በጎባጣው ማዞሬን ግን እስከዚያች ቀን አልረሳውም።

ያንተው አልማዝ