ሃያ ሦስት ቤት ወደ ቁጥቋጦ ስለተቀየረልን የቀረበ ምስጋና

ጥቅምት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.
አዋሽ

ለተከበሩ አቶ ታዴዎስ አንዷለም
በፕሮሶፒስ ምንጠራ ፕሮጀክት የምስል ጥራት ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ
ሰመራ

ክቡር ሆይ፣

ለመሆኑ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ቢሮዎን የሚያቀዘቅዘው ማሽንም እንደምን ከርማችኋል? የሰመራ ሙቀት ለሰው ቀርቶ ለኮምፒውተርም እንደሚከብድ ስለማውቅ ጤንነትዎን የምመኘው ለወግ ያህል አይደለም። እርስዎ አንድ ቀን ታመው ቢተኙ የእኛን ሥራ በቀይ የሚሰርዝልን ማን ነው እያልኩ እሰጋለሁ።

እኔ መንበረ ሣህሌ እባላለሁ። አባቴ እዚህ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር፤ እኔም በዚሁ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾሃም ዛፍ ከወንዙ ዳር ለመመንጠር የተቋቋመው ፕሮጀክትዎ በምስል ላይ ምልክት የሚያደርጉ ሰዎች ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለመዳፈር ብዬ ሳይሆን፣ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙና ምናልባት ማሸጊያው አስቸግሮዎት ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ ነው።

ሥራችንን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ድሮን ከሰማይ ያነሳው ፎቶ በፎልደር ይላክልናል። ከኢንተርኔት በነፃ በሚወርድ ፕሮግራም እንከፍተውና በምናየው ነገር ሁሉ ዙሪያ በማውዝ ሳጥን እንስላለን፤ ከዚያ ከዝርዝሩ ውስጥ ስም መርጠን ሳጥኑ ላይ እንለጥፋለን። ስሞቹ ቁጥቋጦ፣ ቤት፣ መንገድ፣ ተሽከርካሪ፣ እንስሳና ውሃ ናቸው። የአዋሽ ሸለቆ በስድስት ቃል ተጠቃሎ አለቀ ማለት ነው። ሳጥኖቹ ተሰብስበው ካርታ ይሆናሉ፤ ካርታው ላይ ቁጥቋጦ የተባለውን ሁሉ ደግሞ ከኅዳር 12 ቀን ጀምሮ ዶዘር ይጠርገዋል። ዛፉ መጥፋቱን አልቃወምም፤ ግጦሹን የጨረሰው፣ የፍየሉን አፍ ያቆሰለው፣ የስንቱን ሚኒባስ ጎማ የበሳው እሱ ነው። ቅሬታዬ ሌላ ስለሆነ በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ/ ስለ ቤት ትርጉም። መመሪያዎ ገጽ አራት ላይ ቤት ማለት “አራት ማዕዘን ቅርጽና የሚያንጸባርቅ ጣሪያ ያለው” እንደሆነ ተጽፏል። ለዚህ ጥርት ያለ አገላለጽ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ እኔ በሞኝነቴ ቤት ማለት ሰው የሚኖርበት ይመስለኝ ነበር። ወደ መልካ ወረር በሚወስደው መንገድ፣ ወረር ሳይደረስ፣ ወንዙ ዳር ሃያ ሦስት ዳቦይታ አለ። እርስዎ በአፋር ክልል ዋና ከተማ ተቀምጠው ዳቦይታን ላስረዳዎት ማለቴ ድፍረት ቢሆንም፣ ሴቶቹ እንጨት አጉብጠው በሰሌን ምንጣፍ የሚያለብሱት ክብ ቤት ነው። ከላይ ሲታይ ቡናማና ድቡልቡል ስለሆነ ከደረቀ ቁጥቋጦ ጋር ለሚያምታታው ሰው አልፈርድበትም። ማምታታቱን መመሪያ ላደረገው ሰው ግን እፈርድበታለሁ። በዚያው ፎልደር፣ በጅቡቲው መንገድ ዳር ተገልብጦ ሆዱን ለፀሐይ የሰጠ፣ ሞተሩም ጎማውም የተወሰደ ከባድ መኪና ነበረ፤ እሱን “ተሽከርካሪ” ብዬ ስልከው ያለ አንዳች ጥያቄ ጸደቀልኝ። የማይሄደው ተሽከርካሪ ሆኖ፣ ሰው የሚኖርበት ቤት አልሆነም።

2ኛ/ ስለ እርማትዎ ፍጥነት። ደብዳቤዎቼ ሁለት ወር ሙሉ መልስ ሲጠብቁ፣ ሃያ ሦስቱን ዳቦይታ “ቤት” ብዬ የላክሁት ምስል ግን ምሳ ሳልበላ ተመልሶ መጣ። “ስህተት። ጣሪያ የለውም። ወደ ቁጥቋጦ ይቀየር” ይላል። መልሼ ላክሁት፤ መልሰው ላኩልኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስልከው፣ አብሮኝ የሚሠራው ጀማሉዲን፣ ድሮ ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው፣ ያሳዘንኩት መሰለኝ፤ “ቲቸር፣ ምን ያጨቃጭቃል፣ ስሙን እንጨምርላቸው፣ አንድ መስመር እኮ ነው” አለና ስሞቹ የተጻፉበትን ፋይል ከፍቶ “ውሃ” ከሚለው በታች “ዳቦይታ” ብሎ ጻፈ። ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ማንገራገር ተቀበለው። ይህን ፕሮግራም ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ሠሪው አፋር የሚባል አገር መኖሩን ሰምቶም ላያውቅ ይችላል። ያም ሆኖ የማያውቀው ነገር ቢመጣ የሚጻፍበት ቦታ ትቶ አልፏል። የእርስዎ ክፍል በበኩሉ ሰባተኛው ስም “ያልተፈቀደ” መሆኑን ገልጾ ለጀማሉዲን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለሰጠው፣ ልጁ አሁን ማውዝ ከመንካቱ በፊት መመሪያውን ይከፍታል። ስለ ሥነ ሥርዓት ማስከበርዎ እናመሰግናለን።

3ኛ/ ስለ ሀምዳ። ሀምዳ ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ የምትኖር፣ በየሁለት ቀኑ በሚኒባስ ወተት ይዛ አዋሽ የምትመጣ ደንበኛዬ ናት። አንድ ጠዋት ወተቱን ስቀበላት ኮምፒውተሩ ክፍት ስለነበረ ሰፈርሽን ላሳይሽ ብዬ ጠራኋት። ሰፈሯን ከሰማይ አይታ አታውቅም። መጀመሪያ ግራ ገባት፤ የወንዙን መታጠፊያ ስታገኝ ግን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ይሄ የኔ፣ ይሄ የእህቴ፣ ይሄ ደግሞ የጎረቤታችን የኡምሰልማ፣ ይሄ ፍየሎቹ የሚያድሩበት እያለች አንድ በአንድ ለየችልኝ። ዳር ላይ ያለውን አንዱን ስትነካ ፈገግ አለች። እሱ ለሴት ልጇ ሰርግ እሷና እህቷ የሠሩት አዲስ ቤት ነው፤ ልጅቷ በጥር ትዳራለች፤ ምንጣፉን ለመታታት ብቻ ክረምቱን ሙሉ ፈጅቶባቸዋል። እዚህ ቤት የሚሠራው የሴት እጅ ነው፤ ሙሽራም የምትገባው እናቷ ወደሠራችው ነው።

ከዚያ የእርስዎ ክፍል በላዩ የለጠፈው ጽሑፍ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ “ቁጥቋጦ” ብዬ እንዳለ አነበብኩላት። “ወላሂ፣ ቁጥቋጦ እሳት ያነዳል? ቁጥቋጦ ልጅ ይድራል?” አለች። ከዚያ፣ ቁጣ እንኳ ሳይታይባት፣ “መንበረ፣ ቆርቆሮ አንዳንድ ብንጥልበት ቤት ይሉታል?” ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ፀሐይ ቆርቆሮ ሥር የሚቀመጥ ሰው ምን እንደሚሆን እርስዎም እኔም እናውቃለን። አፈርኩ። እኔ ምንም ሳላደርግ ለእርስዎ አፈርኩልዎት።

4ኛ/ ስለ መስተንግዶዎ። ነገሩ በአካል ቢነገር ይቀላል ብዬ ወደ ሰመራ ተነሣሁ። ጅቡቲ የሚወርደውን የመኪና ሰልፍ ተከትለን በአውቶቡስ ስንንፏቀቅ ሚሌ ላይ ጎማ ተበሳ፤ ቢሮዎ የደረስኩት በማግስቱ ነበር። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ፋኢዛ ወንበርና ቀዝቃዛ ውሃ ስለሰጠችኝ አላህ ይስጣት፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰው መሆኔን ያስተዋለች እሷ ብቻ ናት። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከሰዓትም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ፋኢዛ አዝና “እናቴ፣ አንዴ ሲስተም ውስጥ ከገባ አይወጣም” አለችኝ። ፕሮሶፒስን ከሥሩ የሚነቅል ፕሮጀክት አንድ ቃል ከኮምፒውተር ለመንቀል አቅም ማጣቱ ገረመኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ ነበር ድሮ፤ እዚህ ግን ዳዋ በበቀለ ሰው ሊመታ ነው።

5ኛውን ለመጻፍ እጄ ስለከበደኝ ያለ ቁጥር ልቀጥል። አልቀይርም ስል፣ ገና ሰመራ ሳልመጣ፣ የእርስዎ ክፍል ራሱ ሃያ ሦስቱን ወደ ቁጥቋጦ ቀይሮ አጸደቀው። መቀየሩ አንሶ፣ በፋይሉ ግርጌ “ምልክት ያደረገች፦ መንበረ ሣህሌ” የሚለውን ሳይነኩ ተዉት። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ እዚህ የእኔ ዓይን አይቶ የእርስዎ ማውዝ ፈረደ፤ ፍርዱ ግን በስሜ ወጣ። ኅዳር 12 ቀን የዶዘሩ ሹፌር እዚህ ሰው የለም ያለው ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ወረቀቱ የሚያሳየው የእኔን ስም ነው። ሀምዳም ማንበብ የሚችል ሰው አግኝታ ብታስነብበው የምትሰማው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ወተት ይዛ በሬን ብታንኳኳ በምን ዓይኔ አያታለሁ?

መጀመሪያ ስሜን እንዲያወጡልኝ ልለምንዎት አስቤ ነበር። ከዚያ ስሜ ወጣ አልወጣ ቤቶቹ መጠረጋቸው እንደማይቀር ገባኝና ልመናዬን ቀየርኩ። አሁን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከኅዳር 12 በፊት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ መጥተው የሀምዳን ልጅ ቤት በር ላይ ይቁሙ። በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ለመግባት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ኃላፊ ይህ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ።

መምጣት ካልተመቸዎት እኔ እዚያ እሆናለሁ። ከኅዳር 11 ጀምሮ ከሀምዳና ከልጇ ጋር እዚያው ቤት ነኝ። ድሮንዎ በላያችን ቢያልፍ፣ ከደጅ የተቀመጥነውን ሦስት ሴቶች ከስድስቱ ስም በየትኛው እንደሚያስገቡን ከወዲሁ ቢወስኑ ሥራዎ ይቀላል። ቁጥቋጦ፣ ቤት፣ መንገድ፣ ተሽከርካሪ፣ እንስሳ፣ ውሃ፤ ደጋግሜ ፈለግሁ፣ ሰው የሚል አላገኘሁም።

በእርማትዎ ብዛት ቀይ ቀለምን የጠላሁ፣ ለትዕግሥትዎ ሳይሆን ለትዕግሥቴ የምደነቅ፣ ክቡርነትዎን ከታች ወደ ላይ እንጂ ከላይ ወደ ታች አይቼ የማላውቅ ታዛዥዎ፣

መንበረ ሣህሌ
የጂኦግራፊ መምህርት የነበረች፣ አሁን በፋይልዎ መሠረት የቁጥቋጦ ምስክር

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት ከላኩልን ፎቶዎች መካከል አንዱ፣ ድሮኑ ሲሞከር ይመስለኛል፣ የእርስዎን የቢሮ ግቢ የሚያሳይ ነበር። በሙቀት ሰዓት ስብሰባ የሚመሩበት፣ በሰሌን የተሸፈነው ክብ ዳስ ጥርት ብሎ ይታያል። ማዕዘን ስለሌለውና ጣሪያውም ስለማያንጸባርቅ፣ መመሪያዎን ቃል በቃል ጠብቄ “ቁጥቋጦ” ብዬዋለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ከተሠማራሁ ጀምሮ ስለ ክብ ነገር የላክሁት ምልክት በመጀመሪያው ዙር “ትክክል” ተብሎ የጸደቀልኝ ይህ ብቻ ስለሆነ በጣም ደስ ብሎኛል። ሲስተም ውስጥ ገብቷል፤ ፋኢዛ እንዳለችው ደግሞ አይወጣም። እባክዎ ዶዘሩ ሳይደርስ ወንበርዎን ያውጡ።