የናሬ የረቡዕ ምሳ

ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ ነጭ ሽንኩርቴን ራሴ እነቅላለሁ፣ ጎመኑን በበርበሬ አብኩቼ ኪምቺዬንም ራሴ እሠራለሁ። እናትሽ በሕይወት ኖራ ብትቀምሰው ታለቅስ ነበር፤ ቢሆንም ይበላል። ልጄ ናሬ፣ ለትምህርት በሄድሽበት ባሕር ማዶ፣ በጃፓን፣ ሰው ደግ ይሁንልሽ፣ ሆድሽ አይጉደል።

የሳምንት ወጪሽን ጽፈሽ ላኪልኝ ያልኩሽ ወረቀት ደረሰኝ። የመንደራችን ሹም ዶክሱ አነበበልኝ፤ መነጽሬን ስላጣሁት እንጂ ማንበብ አቅቶኝ አይደለም። የባቡሩ ደህና ነው፣ የሩዙም ደህና ነው። የረቡዕና የዓርብ ምሳ ግን ባዶ! ከታች ደግሞ «ለአባዬ ጥርስ፣ ሁለት ሺህ የን» ይላል። መሰረዙን ረስተሽው ነው መሰል።

ዶክሱ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ልጅህ ጦሟን እየዋለች አንተ ጥርስ ልታበቅል?» አለኝ።

«የቀሩኝ ሰባቱ አንተን ለመንከስ ይበቃሉ!» አልኩት።

ቤት ገብቼ ግን እራቱን ትቼ የላክሽውን ገንዘብ ቆጠርኩ።

የጥርሱን ወጪ አሁኑኑ ሰርዢው። ለጥርሴ ብለሽ ከጥር ጀምሮ የላክሽልኝን ገንዘብ ሳልነካው፣ ካልሲ ውስጥ ከትቼ፣ ደረቅ ዓሣ በላክሁልሽ ካርቶን ውስጥ መልሼልሻለሁ። ካልሲው ታጥቧል።

ጤናውን ይስጥሽ፣ ትምህርቱን ይግለጥልሽ። እባክሽ ልጄ፣ ረቡዕ ረቡዕ ምን እንደበላሽ ጻፊልኝ፤ «ሾርባ» ብቻ ብትይ አላምንሽም።

ስለ እኔ ዕዳ አታስቢ። የማዳበሪያውን ዕዳ ነጭ ሽንኩርቱ ሲሸጥ እኔ እከፍላለሁ። ከዶክሱ የተበደርኩትን አንድ ሳጥን መጠጥ እኔ፣ የጥርስ ሐኪሙን ቀሪ ሒሳብ እኔ፣ ለእናትሽ ቃል የገባሁላትን የመቃብር ድንጋይ እኔ፣ ከጥር ወዲህ ያልበላሽውን ምሳ ሁሉ እኔ።