ከቅጥሩ ውጭ

ፍኖተ ሰላም፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር 5

ዛሬም እንደ ልማዴ ልጄን አዝዬ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆሜ ተሳለምኩ። ሳላገባ በመውለዴ እናቴ ቡሬ ካለው ቤቷ ስታስወጣኝ «እግዜርም ፊቱን ያዙርብሽ» ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ ቅጥሩን መርገጥ እፈራለሁ። ልጄም ሰማንያ ቀኗ አልፎ ክርስትና ሳትነሣ ቀረች።

አንድ ሽማግሌ ቄስ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ለምን አትገቢም፣ ልጄ?»

«እኔን አይቀበለኝም፣ አባ።»

«ማን ነገረሽ? እሱ ነው?»

የእናቴን ቃል መድገም አፍሬ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«በይ ሕፃኗን ስጪኝ» አሉና ከጀርባዬ ሳወርዳት ይዘዋት ወደ ውስጥ ገቡ። ልጄን ትቼ የት እሄዳለሁ? ተከተልኳቸው። ማንም አላባረረኝም። ይኸው ነው የባሰ ያስፈራኝ። ስድብ ለምጃለሁ፤ መወደድን ግን በምን ትከሻዬ እችለዋለሁ?

ነገ ጧት ክርስትና እናነሣታለን አሉኝ። የክርስትና እናት እሳቸው ይፈልጉላታል። እናቴ ሰምታ ብትመጣስ? በሰው ፊት ብታዋርደኝስ? እግዜርስ ከደጁ ሲያየኝ... አላውቅም። የልጄን ነጭ ልብስ ግን አጥቤ አስጥቼዋለሁ። እስከ ጧት ይደርቃል።